ዶላሩን የዘለለ ታሪክ፦ ስለ ቀደምት የቤዝቦል ተጫዋቾች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ሲዞር ሰንብቷል። ስለ ቀደምት የቤዝቦል ተጫዋቾች የማናውቃቸውን ሰባት አስገራሚ ነገሮች እነግራችኋለሁ ይላል። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። አሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ስለዚህ ጨዋታ መጠየቃቸው አይቀርም፤ በአማርኛ የሚጻፍበት ደግሞ እምብዛም ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕራቸውን በማንሳታቸው ደስ ብሎኛል። አጻጻፋቸውም ይጥማል። ችግሩ ይዘቱ ላይ ነው።

የሚሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቤዝቦልን በ1839 የፈጠረው ጄኔራል አብነር ደብልዴይ ነው። ሁለተኛ፣ የድሮ ተጫዋቾች ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አልተጫወቱም፤ ደመወዝ የመጣው በ1869 ከሲንሲናቲ ቡድን ጋር ነው፤ ያኔም ቢሆን ፍቅሩ ይበልጥ ነበር። ሦስተኛ፣ ቻርልስ ራድቦርን የተባለ ተጫዋች በአንድ ዓመት 60 ጨዋታ አሸንፏል፤ የዛሬዎቹ ግን ልፍስፍስ ናቸው። አራተኛ፣ የዳኞች የእጅ ምልክት የተፈጠረው ዊልያም ሆይ ለተባለ መስማት ለተሳነው ተጫዋች ሲባል ነው። አምስተኛ፣ በትልቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር በ1947 የገባው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ስድስተኛ፣ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ውስጥ የራሳቸው ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ቡድን ነበራቸው። ሰባተኛ፣ ሊፕማን ፓይክ የሚባል ተጫዋች ከፈረስ ጋር ሮጦ ቀድሟል።

ከሰባቱ ብዙዎቹ ግማሽ እውነት ናቸው። የጎደለው ግማሽ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ማን ለማን ስንት ከፈለ፣ ደንቡን ያወጣውስ ማን ነው? ጽሑፉ እነዚያን ሰዎች አንዴ ጀግና፣ አንዴ ቀልደኛ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ደመወዝተኛ መሆናቸው ግን ተረስቷል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፣ ከተሳካለት ቤዝ ወደሚባሉት ማረፊያዎች ይሮጣል፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ያዥ ያመለጠችውን ይቀበላል። ለዛሬ ይኼ ይበቃል። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የጄኔራሉ ነገር ብዙም አያከራክርም። ደብልዴይ በ1839 ኩፐርስታውን በምትባለው የኒውዮርክ ትንሽ ከተማ ቤዝቦል ፈጠረ በተባለበት ዓመት፣ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንን ነበር። በ1893 እስኪሞት ድረስም ቤዝቦልን እኔ ፈጠርኩ ብሎ አያውቅም። ወሬው የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። አልበርት ስፖልዲንግ የሚባል የቀድሞ ወርዋሪ፣ ኋላ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ፣ «ጨዋታው ከእንግሊዝ የመጣ ነው» መባሉ አልዋጥ አለው። በ1905 አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ። የኮሚሽኑ ዋና ማስረጃ አንድ ሽማግሌ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሽማግሌው በ1839 የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። በሌላ በኩል ፒትስፊልድ የምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ በ1791 ያወጣችው ደንብ አለ። የአዲሱ መሰብሰቢያ ቤት መስኮት እንዳይሰበር በ80 ያርድ ውስጥ ቤዝቦል መጫወት ክልክል ነው ይላል። ጄኔራሉ የተወለደው በ1819 ነው። እሱ ሳይወለድ መስኮት የሚሰብር ቤዝቦል ነበር ማለት ነው።

ይኼን እንድጽፍ ያስነሳኝ ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ «ያኔ ሰው የሚጫወተው ለፍቅር ነበር» የሚለው። የክለቦቹ ማኅበር እስከ 1869 ድረስ ለተጫዋች መክፈልን ይከለክል እንደነበር እውነት ነው። ግን ክልከላው ራሱ ምን ይነግረናል? ማንም የማያደርገውን ነገር ማን ይከለክላል?

ገንዘቡ በጓሮ በር ይገባ ነበር። የብሩክሊኑ ኤክሴልሲየር ክለብ በ1860 ጂም ክሬይተን የተባለውን ወጣት ወርዋሪ ያመጣው በድብቅ እየከፈለ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ዋሽንግተን ላይ ናሽናልስ የሚባለው ክለብ ደግሞ ተጫዋቾቹን የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ አድርጎ ያስቀጥር ነበር። ጆርጅ ራይት በ1867 ለዚህ ክለብ ሲጫወት ሥራው «ጸሐፊ» ተብሎ ተመዘገበ። የሥራ አድራሻም ተጻፈለት። አድራሻው ላይ የሚገኘው ግን የሕዝብ መናፈሻ ነበር። ኒውዮርክ ላይ የሙቹዋልስ ክለብ ተጫዋቾች ስማቸው በከተማው የደመወዝ መዝገብ ላይ ይገኝ ነበር። ከጀርባ ያለው በሙስና ስሙ የሚነሳው ፖለቲከኛ ዊልያም ትዊድ ነው። ፍቅር እንዲህ ከሆነ ማን ይጠላል!

እንግዲህ የ1869ኙን ሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስን ልዩ የሚያደርገው መክፈሉ ሳይሆን በግልጽ መክፈሉ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። ውጤቱም የሚያስገርም ነው፤ በዓመቱ 57 ጊዜ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። አሥሩ ተጫዋቾች በጠቅላላ ወደ 9,300 ዶላር ተከፈላቸው። ትልቁ ደመወዝ የዚያው የመናፈሻው «ጸሐፊ» የጆርጅ ራይት ነው፤ 1,400 ዶላር። ታላቅ ወንድሙና የቡድኑ መሪ ሃሪ ራይት 1,200 ወሰደ። ሃሪ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ የተወለደ፣ ጌጣጌጥ መሥራት የተማረ፣ ከቤዝቦል በፊት ክሪኬት እየተጫወተ ይከፈለው የነበረ ሰው ነው። ከአሥሩ መካከል የሲንሲናቲ ልጅ አንድ ብቻ ነበር፤ ቻርሊ ጉልድ። ሌላው በደመወዝ ከየቦታው የተሰበሰበ ነው።

በሰኔ 1870 ብሩክሊን ላይ 8 ለ7 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ እየሳሳ ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ከእንግዲህ ባለደመወዝ አልቀጥርም አለ። ሃሪ ራይት ታዲያ የቡድኑን ስም ይዞ፣ ወንድሙን አስከትሎ ቦስተን ገባ። ለፍቅር ቢሆን ኖሮ እዚያው በቀረ ነበር።

ስለ ፍቅር የሚወራውን ሁሉ ዋጋ የሚያሳጣው ግን የ1879ኙ ስምምነት ነው። የናሽናል ሊግ ክለብ ባለቤቶች ተመካክረው እያንዳንዱ ክለብ አምስት ተጫዋች «እንዲይዝ» ወሰኑ። የተያዘ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ሌላ ክለብ ሊቀጥረው አይችልም፤ ማሰሪያ የምለው ይህን ነው። ቁጥሩ በየጊዜው ከፍ እያለ ሁሉንም ጠቀለለ። በ1885 ደግሞ ማንም ተጫዋች ከ2,000 ዶላር በላይ እንዳይከፈለው ጣሪያ አበጁ።

ጣሪያውን ራሳቸው እንዴት እንደቀደዱት ተመልከቱ። በ1887 ቦስተን «ንጉሡ» የሚባለውን ማይክ ኬሊን ከቺካጎ በ10,000 ዶላር ገዛው። በወረቀት ደመወዙ 2,000 ነው፤ ደንቡ ተከብሯል። በጎን ሌላ 3,000 ዶላር ተጨመረለት። ለምን? ፎቶግራፉን ለመጠቀም ተብሎ። የሰውየው ፎቶ ከሰውየው ጉልበት በለጠ። አሥር ሺው ዶላር ግን የገባው ወደ ኬሊ ሳይሆን ወደ ቺካጎ ባለቤቶች ኪስ ነው።

ይኼን ዝም ብሎ ያላየ ተጫዋችም ነበር። ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ በ1880 አንድም ተጋጣሚ ቤዝ ሳይረግጥበት ሙሉ ጨዋታ ወርውሮ የጨረሰ ሰው ነው። እየተጫወተ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሕግ ተመረቀ። በ1885 የተጫዋቾችን ማኅበር አቋቋመ። ይህን ማሰሪያ ከጌታው የሸሸ ባሪያ ተይዞ እንዲመለስ ከሚያዘው ሕግ ጋር አመሳስሎ ጻፈ። በ1890 ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሊግ ከፈቱ። አንድ ዓመት ተጫውተው ፈረሰ። ማሰሪያው የተፈታው በ1975 መጨረሻ ነው። አንድ ትውልድ ብቻ አይደለም በዚህ ያለፈው።

አሁን ወደ ራድቦርን እንምጣ። ጸሐፊው ቁጥሩን አልፈበረኩም። በ1884 ለፕሮቪደንስ ግሬይስ ሲጫወት 59 ጨዋታ አሸንፏል፤ 60 የሚሉ መዝገቦችም አሉ። በዚያ ዓመት ከ678 ኢኒንግ (ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር) በላይ ወረወረ፤ 73 ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ጨረሰ። ማንም አልደገመውም፤ የሚደግመውም የለም። ግን «የዛሬዎቹ ልፍስፍስ ስለሆኑ» የሚለው ማብራሪያ አያስኬድም።

ነገሩ የአንድ ሰው የብረት ክንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው 1884 ጋይ ሄከር በሌላኛው ሊግ 52፣ ፑድ ጋልቪን ደግሞ 46 ጨዋታ ባላሸነፉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ክላርክሰን 53 አሸነፈ። በአንድ ዘመን ይህን ያህል የብረት ክንድ ከየት ይመጣል? የተለየው ጨዋታው ነው። ቡድን ሁለት ወርዋሪ ይዞ ዓመቱን ይገፋ ነበር። ወርዋሪው የሚቆምበት ሳጥን የፊት መስመር ከመቺው 15 ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። መቺው በነፃ ቤዝ እንዲያገኝ ያኔ ስድስት የተበላሸ ውርወራ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አራት ይበቃዋል። ለመቺው የሚያደላም ደንብ ነበር፤ «ከፍ አድርገህ» ወይም «ዝቅ አድርገህ ወርውርልኝ» ብሎ ማዘዝ ይችል ነበር። ዛሬ ርቀቱ 18.4 ሜትር ነው። እርግጥ ዛሬ የሚለካው ከኋላ እግር ስለሆነ ልዩነቱ በወረቀት የሚመስለውን ያህል አይሰፋም። ዋናው ነገር ወርዋሪው እያንዳንዷን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ መወርወር አይጠበቅበትም ነበር። የዛሬው ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እያስወነጨፈ ነው። ይህን በ678 ኢኒንግ አድርግ ቢባል ክንዱ ተገንጥሎ ይቀራል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ጽሑፉ ያላነሳው ነው። ራድቦርን ለምን ያን ሁሉ ወረወረ? በሐምሌ 1884 ክለቡ በግዴለሽነት ተጫውተሃል ብሎ አግዶት ነበር። ለቡድኑ የቀረው ቻርሊ ስዊኒ የሚባል ሌላ ወርዋሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ስዊኒ ጨዋታ መሐል ቦታህን ልቀቅና ወደ ቀኝ ክንፍ ሂድ ቢሉት እምቢ ብሎ ሜዳውን ጥሎ ወጣ። ቡድኑ በስምንት ሰው ጨርሶ ተሸነፈ። ባለቤቶቹ ክለቡን ለማፍረስ ሁሉ አሰቡ። ያኔ ራድቦርን ብቅ አለ። የቀረውን ዓመት እኔ እወረውራለሁ አለ። በምትኩ የጠየቀው ጭማሪ ክፍያና አንድ ነገር ነው፦ ዓመቱ ሲያልቅ ከዚያ ማሰሪያ ነፃ እንዲለቁት።

ከዚያ ወዲያ የቡድኑን ጨዋታ ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ወረወረ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን ለማበጠር ክንዱን ማንሳት ያቅተው ነበር ይባላል። ፕሮቪደንስ ዋንጫውን ወሰደ። በጥቅምት ከኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታንስ ጋር በተደረገው ፍልሚያ ሦስቱንም ጨዋታ በተከታታይ ቀናት እሱው ወርውሮ አሸነፈ። እንግዲህ ይህ ሰው ጀግና አይደለም አልልም። ግን ክንዱን የሰጠው ለነፃነቱ ነው። ጽሑፉ ቁጥሩን ነግሮን ዋጋውን ዘለለው። በነገራችን ላይ ነፃ ከወጣ በኋላ መልሶ ለዚያው ለፕሮቪደንስ ፈረመ። መብቱ በእጁ ከገባ በኋላ የት እንደሚጫወት የመረጠው እሱ ነው።

ጽሑፉ በመሐል ጣል ያደረገው የራድቦርን የመካከለኛ ጣት ቀልድ ግን እውነት ነው። በ1886 የቦስተንና የኒውዮርክ ቡድኖች አብረው በተነሱት ፎቶ ላይ ራድቦርን ያቺን ጣት ቀስሮ ይታያል። ይህን የስድብ ምልክት ከሚያሳዩት የታወቁ ፎቶዎች የመጀመሪያው ነው ይባላል። እዚህ ላይ ምንም ተቃውሞ የለኝም።

የሆይ ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል፤ በዚህም ምክንያት ሰው ሳይመረምር ይጋራዋል። ዊልያም ሆይ የኦሃዮ ገበሬ ልጅ ነው። በሦስት ዓመቱ በማጅራት ገትር መስማት ተሳነው። ጫማ ሠሪ ነበር። ከ1888 እስከ 1902 በትልልቅ ሊጎች ተጫውቶ ከ2,000 በላይ ሂት (ቤዝ የሚያስደርስ ምት) መታ፤ ወደ 600 ቤዝ ሰረቀ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ደረሰ። ስለ ዳኞቹ ምልክት ግን እሱ ራሱ የተናገረው ሌላ ነው። ከሦስተኛው ቤዝ አጠገብ የሚቆመው የራሱ ቡድን ሰው ነበር ዳኛው የጮኸውን በእጁ የሚያሳየው። ዳኞች በአጠቃላይ በእጅ ምልክት መሥራት የለመዱት እሱ ከትልቁ ሊግ ከወጣ በኋላ፣ ከ1905 ገደማ ጀምሮ ነው። ከእሱ በፊትም ኤድ ደንደን የተባለ መስማት የተሳነው ወርዋሪ በ1886 ሞቢል አላባማ ውስጥ አንድ ጨዋታ በጣቶቹ ምልክት ዳኝቷል። የሆይ መኖር ለምልክቱ መለመድ ምንም አልረዳም ማለት ይከብዳል። «ለእሱ ሲባል ተፈጠረ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞስ ይህ ታሪክ ሆይን ሌሎች የደረሱለት ሰው ያደርገዋል። እሱ ግን ለራሱ የደረሰ ሰው ነው። በ1888 ዋሽንግተን እንደገባ ለጓደኞቹ ማሳሰቢያ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ እንደምታውቁት ጭራሽ አልሰማም፤ ኳስ ስናባርር እንዳንጋጭ እንግባባ፤ ኳሷን እኔ የምይዛት ከሆነ እጮሃለሁ፤ ካልጮህኩ አልፈለግኳትም ማለት ነውና የእናንተ ናት። ችግሩን ለይቶ መፍትሔውን በአንድ ወረቀት ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በአንድ ጨዋታ ከሜዳው ዳር ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሦስት ሯጮችን መድረሻቸው ላይ አስቀረ። በግንቦት 1902 ደግሞ ሉተር ቴይለር ከሚባል ሌላ መስማት የተሳነው ወርዋሪ ጋር ሜዳ ላይ ተፋጠጠ። በእጃቸው ሰላምታ ተለዋወጡና ተጋጠሙ። የሞተው በ1961 በ99 ዓመቱ ነው። ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሲንሲናቲ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ጨዋታ ሲከፈት የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወረው እሱ ነበር። ይኼ ሁሉ እያለ ያልተረጋገጠ ነገር መጨመር ምን ያስፈልጋል?

አምስተኛው ነጥብ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም የተሳሳቱት። ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን የተሰለፈው ስድሳ ዓመት ያህል ተዘግቶ የቆየ በር ከፍቶ ነው። የሱን ክብር የሚነካ ነገር የለኝም። «የመጀመሪያው ጥቁር» ካልን ግን በሩን የዘጉትን ሰዎች ከታሪኩ እናስወጣቸዋለን።

ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር በ1884 ለቶሌዶ 42 ጨዋታ ተጫወተ፤ ቡድኑ ያኔ ከትልልቆቹ ሊጎች አንዱ በነበረው በአሜሪካን አሶሲዬሽን ውስጥ ነበር። ወንድሙ ዌልዲም በዚያው ዓመት ጥቂት ጨዋታ ተሰልፏል። ፍሊትውድ ኦበርሊን ኮሌጅና ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ቦታው ያዥ ነበር፤ ጓንት ያልተለመደበት ዘመን ነውና ኳሷን የሚቀበለው በባዶ መዳፉ ነው ማለት ይቻላል። ያዥ ለወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር በምልክት ይነግረዋል። የቶሌዶው ዋና ወርዋሪ ቶኒ ሙሌን ግን ከጥቁር ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ ምልክቱን ችላ እያለ የፈለገውን ይወረውር ነበር። አንድ ቀን ዎከር ወደ እሱ ሄደ። ያለ ምልክት እይዝልሃለሁ፣ ምልክት ሰጥቼህ ግን የምታታልለኝ ከሆነ አልይዝልህም አለው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ዓመት ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ ሁሉንም ያዘ። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ የተናገረው ራሱ ሙሌን ነው። አብረውኝ ከሠሩት ያዦች ሁሉ ምርጡ እሱ ነበርም ብሏል። ምስክሩ ጠላቱ ሲሆን ማን ይጠራጠራል?

በሩ የተዘጋውም በስም በሚታወቁ ሰዎች እጅ ነው። ነሐሴ 10 ቀን 1883 የቺካጎው መሪ ካፕ አንሰን ቶሌዶ መጥቶ ጥቁር ካለ አንጫወትም አለ። ዎከር በዕለቱ እጁ ተጎድቶ ሊያርፍ ነበር። የቶሌዶው አሠልጣኝ ግን ተናዶ አሰለፈው፤ ካልተጫወታችሁ የመግቢያ ድርሻችሁን አታገኙም አለ። አንሰን ያን ጊዜ ተጫወተ። ዶላሩ ከጥላቻው በለጠበት። በ1887 ግን ነገሩ ተገላበጠ። ሐምሌ 14 ቀን አንሰን ኒዋርክ ላይ ጥቁሩን ወርዋሪ ጆርጅ ስቶቪን አልገጥምም አለ፤ ስቶቪ አልተሰለፈም። በዚያው ቀን የኢንተርናሽናል ሊግ ኃላፊዎች ከእንግዲህ ለጥቁር ተጫዋች ውል እንዳይሰጥ 6 ለ4 ወሰኑ። እገዳውን የደገፉት ስድስቱ ጥቁር ተጫዋች ያልነበራቸው ክለቦች ናቸው።

ከዎከር በፊትም አሉ። ዊልያም ኤድዋርድ ዋይት በሰኔ 1879 ለፕሮቪደንስ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። እናቱ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የነበረች ሴት፣ አባቱ የእርሻው ባለቤት ነው። እሱ ግን እንደ ነጭ ነበር የሚኖረው። ስለዚህ «የመጀመሪያው» ማን ነው የሚለው ለክርክር ክፍት ነው። ቡድ ፋውለር ደግሞ በ1878 ከነጮች ጋር በደመወዝ መጫወት የጀመረ ፀጉር አስተካካይ ነው። ያደገው የት መሰላችሁ? ኩፐርስታውን። በጄኔራሉ ተረት ምክንያት ታላላቅ ተጫዋቾች የሚከበሩበት የቤዝቦል የዝና አዳራሽ የተሠራባት ከተማ ማለት ነው። አዳራሹ የራሱን ከተማ ልጅ የተቀበለው በ2022 ነው።

ስድስተኛው ነጥብ ነው ጽሑፉን ባንዲራ እያስለጠፈ ያስጋራው። የኢትዮጵያ ስም የያዘ ቡድን ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ኢትዮፒያን ክላውንስ ይባላል፤ የተመሠረተው በ1930ዎቹ አጋማሽ ማያሚ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ቀደምት» በሚለው ውስጥም በግድ ነው የሚገባው። ተጫዋቾቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረበትም። የጣልያን ወረራ ጋዜጣውን ሁሉ ባጥለቀለቀባቸው ዓመታት ስማችን የሰው ጆሮ ውስጥ ነበር። ቡድኑ ፊቱን ቀለም ቀብቶ፣ የፈጠራ «አፍሪካዊ» ስም ይዞ፣ በሌለች ኳስ እየተጫወተ ሕዝብ ያስቅ ነበር። «ክላውን» ማለት አስቂኝ መሆኑን ጽሑፉ ሳይተረጉመው አልፏል።

ይህ ማለት ተጫዋቾቹ ደካሞች ነበሩ ማለት አይደለም። በ1941 ዴንቨር ላይ በተደረገው ትልቅ ውድድር አሸንፈዋል። ሃንክ አሮንም በ1952 ዝናውን የጀመረው ከዚሁ ቡድን ነው፤ ያኔ ስሙ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ሆኖ ነበር። ነገር ግን በስሙና በፊት ቀለሙ የተቃወሙት ጥቁሮቹ ራሳቸው ነበሩ። ዌንደል ስሚዝ የሚባለው የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ ክፉኛ ነቅፎታል። በ1943 ቡድኑ ወደ ኒግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ «ኢትዮፒያን» የሚለውን ጥሎ ሲንሲናቲ ክላውንስ ተባለ። ስማችንን ከቡድኑ ላይ ያስወረዱልን ከእኛ በፊት እነሱ ናቸው። ይህን ስታውቁ ባንዲራው ከዚያ ጽሑፍ ላይ ቢወርድ አይከፋኝም።

የውጭ አገር ስም መዋስም በዚህ አልተጀመረም። በ1885 የተመሠረተው የመጀመሪያው የጥቁሮች ፕሮፌሽናል ቡድን ኪዩባን ጃይንትስ ይባል ነበር። ኩባዊ ግን አልነበረበትም። መነሻው ሎንግ አይላንድ የሚገኘው የአርጋይል ሆቴል ነው፤ ጠንሳሹ የሆቴሉ የአስተናጋጆች አለቃ ነበር።

ቀረን ፈረሱ። ከሰባቱ ሁሉ ፈጠራ የሚመስለው እሱ ነው፤ እሱ ግን እውነት ነው። ሊፕማን ፓይክ በነሐሴ 1873 ባልቲሞር ላይ ክላረንስ ከተባለ ፈረስ ጋር 100 ያርድ ሮጦ በአራት ያርድ ያህል ቀደመ። አንዲት ማስተካከያ ብቻ፦ ክላረንስ የሶምሶማ ፈረስ እንጂ የጋልብያ ፈረስ አልነበረም፤ ወደ መጨረሻው ግን እንደ መጋለብ ብሎት ነበር። ፓይክ ደግሞ በ1866 ለፊላደልፊያ አትሌቲክስ ሲጫወት በሳምንት 20 ዶላር ይቀበላል ተብሎ ማኅበሩ ፊት ተከሶ ነበር። በችሎቱ ቀን ማንም ሳይመጣ ቀርቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ፈረሱንም የገጠመው በነፃ አይደለም፤ ውድድሩ የገንዘብ ሽልማት ነበረው።